አበልጄ የወሰደው ሠርግ

እንግሊዝኛ ላስተማራችሁ መምህር ሁሉ ምሕረት አድርጉለት። ይህን የምለው እኔም አስተማሪ ስለሆንኩ አይደለም። «ጌት» የምትባለውን ግሥ ለዘጠነኛ ክፍል ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ተማሪው ከታች ክፍል ጀምሮ «ጌት ማለት አገኘ» ብሎ ሸምድዶ ይመጣል። «አይ ጎት አፕ» ብላችሁ ስትሰጡት «ወደ ላይ አገኘሁ» ይላችኋል። «ሺ ጎት ሜሪድ» ስትሉት ደግሞ «ያገባች አገኘች» ብሎ አንገቱን ቀና አድርጎ ይመልሳል። ልትቆጡት አትችሉም፤ አገኘ ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

በዚህች ግሥ ምክንያት ነው የሚወደኝ የመሰለኝን ሰው ያጣሁት። ነገሩ የሁለት ቀን ነገር ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

ያኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ነበር የማስተምረው። አሁንም እዚያው ነኝ። ባለቤቴ ደብረ ታቦር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ልጃችን በረከት ትንፋሽ ስለሚያጥረው ሐኪም ቤት እንዲቀርበው ብለን ከአባቱና ከአያቱ ጋር እዚያ አስቀመጥነው። መንገዱ ደኅና ሲሆን ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ አየዋለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ግን ወር ያልፋል፤ ከወርም ይበልጣል። አንዴ እንደዚያ ቆይቼ ስሄድ አያቱን «እማዬ» ብሎ ጠራ፤ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ በስሜ «ጥሩዬ መጣች» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ዝውውር ብጠይቅ ብጠይቅ «ተተኪ የለም» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም።

በዚህ መሐል አንድ ወሬ መጣ። በአካባቢው ወረዳዎች ያሉ የእንግሊዝኛ መምህራን በሞዴል ትምህርት ሊወዳደሩ ነው ተባለ። ብዙ ትርጉም ያለው አንድ ግሥ መርጠን፣ በማናውቃቸው ተማሪዎች ፊት፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ነው። አሸናፊው ደብረ ታቦር ተዛውሮ ሌሎች መምህራንን ያሠለጥናል። ውድድሩ ወገዳ ነበር፤ የትውልድ አገሬ የስማዳ ዋና ከተማ።

ወሬውን ይዞልኝ የመጣው መምህር አንተነህ ነው። አንተነህ የሥራ ባልደረባዬ፣ የግቢ ጎረቤቴ፣ ከሁሉም በላይ አበልጄ ነበር። በረከትን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። በእኛ አገር አበልጅነት ቀልድ አይደለም፤ ከሥጋ ዝምድና ያልፋል። አበልጅ ከአበልጁ ጋር አይካሰስም፣ በአደባባይ አይዘላለፍም። ቢቀያየም እንኳ ነገሩን በሽማግሌ ይጨርሳል እንጂ ገመናውን ለሰው አያወጣም።

«ይኸውልሽ፣ የበረከት መንገድ ተከፈተ» አለኝ በራፌ ላይ ቆሞ። «አንቺ ካላሸነፍሽ ማን ሊያሸንፍ ነው?»

«አንተስ አትወዳደርም?»

«እኔማ ለስም ያህል ነው። ‹ቴክ› የምትባለዋን ግሥ እይዛለሁ። አንቺ ጌትን ያዥ፤ ሠርግሽን አውጪው።»

ሠርግሽን ያለው የማስተምርበትን ዘዴ ነው። «ወደ ላይ አገኘሁ» ሲሉኝ የሰለቸኝ ቀን የትርጉሙን ዝርዝር ከሰሌዳው ላይ ጠረግኩና የራሴን ሠርግ መናገር ጀመርኩ። ሙሽራዋ ትነሣለች፣ ትለብሳለች፣ በቅሎ ላይ ትወጣለች፣ ይደክማታል፣ ትወርዳለች፣ ታገባለች። ሁሉም በጌት ነው የሚነገረው። ሚዜው ይሰክራል፣ አጃቢው መንገድ ይስታል፤ እሱም ጌት ነው። ተማሪዎቹ ሙሽራም ሚዜም ሆነው ይጫወቱታል። በቅሎ የሚሆነውን ልጅ ለመምረጥ ሁልጊዜ ጠብ ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ግሧ በአንጎላቸው ሳይሆን በእግራቸው ገብታ ትገኛለች።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ አንተነህ ፊት ተለማመድኩ። በቅሎ የሆነው እሱ ነበር። እጁን ጆሮው ላይ እንደ በቅሎ ጆሮ አቁሞ ወንዝ ዳር አልሻገርም ሲል በሳቅ ፈረስኩ። ምክርም ይሰጠኛል፤ «የዳሱን ነገር አሳጥሪው፤ ወንዙ ላይ ቆይ በይ» ይለኛል። ወንዙ የታሪኩ ልብ ነበር። በሠርጌ ቀን የተቀመጥኩባት በቅሎ የአባቴ ነበረች። መሻገሪያው ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ሙሽራው ተናደደ፤ ሚዜዎቹ ጎተቱ፤ ገፉ፤ ወይ ፍንክች። የሙሽራ አባት ዳሱን ትቶ ሙሽራ አይከተልም፤ ነውር ነው። ግን ሌላ መላ ስለጠፋ ሰው ተላከና አባቴ መጡ። ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ አሏትና ተሻገረች። ምን እንዳሏት ግን በጭራሽ ነግረውኝ አያውቁም።

ወደ ወገዳ የሄድነው በውድድሩ ዋዜማ ነው። መንገዱ አንጀት ያላቅቃል። የአባቴ ቤት ወገዳ ሳይደረስ ስለሆነ አንተነህ «አባባን ሳንስም አናልፍም» አለ። ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደረስን። አባቴ ከገብስ አውድማ ላይ እብቅ እንደለበሱ መጥተው አቀፉን።

«የልጅ ልጄ የክርስትና አባት!» አሉ አንተነህን ሦስቴ እየሳሙ። «እንዴት ሰነበትክ? ልጃችንን እንደ ወንድም የያዝክልኝ አንተ ነህ አሉ።»

እንጀራ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። አንተነህ አንድ ሁለቴ እንደተጎነጨ፣ «አባባ፣ የዚያችን የበቅሎ ነገር ከአንቱ አፍ ልስማው እስቲ። ምን ብለዋት ነው የተሻገረችው?» አለ።

ልከለክለው ነበር። አባቴ ስለዚያ ቀን ማውራት አይወዱም። ያን ቀን ግን እንግዳው ደስ ብሏቸው ነው መሰል፣ ዋንጫውን አስቀመጡና ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ።

«እናቷ በአራስነቷ ሞታብኝ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። ያቺ በቅሎም ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉ ቦታ ያደረሰቻት ናት። ወንዙ ላይ ቆማ ሳያት እኔን መሰለችኝ። አልሄድ ያለው የእኔ ልብ ነው እንጂ እሷማ ምን አላት። ስለዚህ ጆሮዋን ይዤ፣ ‹አድርሻት፤ እኔስ አይቻለኝም› አልኋት። ይኸው ነው።»

ከዚያ ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ። እኔም አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ አንተነህ ያኔ ከልቡ ያዘነ መሰለኝ። ወደ ወገዳ ስንጓዝ፣ «ይቺን ነገር ነገ ትጨምሪያታለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አልጨምርም። ይቺ የአባቴ ናት» አልኩት።

«ልክ ነሽ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከዞን የመጡ ሦስት ገምጋሚዎች ፊት ተቀምጠዋል፤ የወገዳ ተማሪዎች በተርታ ወንበር ይዘዋል፤ ዙሪያውን ርእሰ መምህራንና መምህራን አሉ። ዕጣ ወጣ። መጀመሪያ ከአርብ ገበያ የመጡ ሸምገል ያሉ መምህር፣ ቀጥሎ አንተነህ፣ ሦስተኛ እኔ ሆንኩ። ሽማግሌው መምህር በትሕትና አስተምረው ተቀመጡ። አንተነህ ተነሣ። አውራ ጣቴን አንሥቼ አበረታታሁት።

ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርጎ ጌት ብሎ ጻፈ።

ተሳስቶ ነው ብዬ አሰብኩ። እመኑኝ፣ ያሰብኩት ይህንን ነው። አሁን ያጠፋውና ቴክ ብሎ ይጽፋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ ተማሪዎቹ ዞረና፣ «ዛሬ ወደ እኅቴ ሠርግ እወስዳችኋለሁ» አለ። አንዲት ልጅ ሙሽራ ሆነች። ሁለት ልጆች ሚዜ ሆኑ። «በቅሎ ማን ይሆናል?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሁሉ የምጠብቀው ቦታ ላይ ይመጣል፤ እያንዳንዱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።  

ቢያንስ አባቴን አይነካም ብዬ ተጽናናሁ። ወንዙ ላይ ደረሰ። በቅሎ የሆነው ልጅ ቆመ፤ ሚዜዎቹ ጎተቱት። አንተነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከዚያ አባቴ መጣ» አለ። «እናታችን ሞታ እኅቴን በጀርባው ያሳደጋት አባቴ።» ወደ ልጁ ጆሮ ጎንበስ አለና በእንግሊዝኛ፣ «ጌት ሄር ዜር። አይ ካንት» አለ፤ አድርሻት፤ እኔስ አይቻለኝም ማለቱ ነው። ቀና ሲል ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

 ጭብጨባው ወረደ። ከገምጋሚዎቹ አንዷ መሐረቧን አወጣች።

አንተነህ አባቱን አያውቅም። በሕፃንነቱ እንደሞቱ፣ ፎቶግራፋቸው እንኳ እንደሌለው ራሱ አጫውቶኛል። ትምህርቴን መውሰዱን ምናልባት አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። አባቴን፣ ያውም የበላበት መሶብ ሳይደርቅ፣ የራሱ አባት አድርጎ በዚያ ሰው ሁሉ ፊት ሲያለቅስባቸው ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ተከዳሁ የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ በወሬ ነበር የማውቀው።

የሻይ ዕረፍት ተባለ። አዳራሹ ጀርባ ካለው የውኃ ሮቶ አጠገብ ያዝኩት።

«አንተነህ፣ ቴክ የታለ?»

«አልሆነልኝም ጥሩዬ። ሞከርኩት፤ አልሆነም።»

«ስለዚህ የእኔን ወሰድክ?»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ። ሌላ ግሥ ብትይዢ እንኳ ከእኔ ትበልጫለሽ። እኔ ግን ይቺ ካመለጠችኝ እዚያችው ጠመኔ ስቅም መሞቴ ነው። እኔም ሰው ነኝ እኮ!»

«በረከትስ?»

አንገቱን ደፋ። «ደብረ ታቦር ከገባሁ ለሱም ደግ ነው። እኔ አየዋለሁ። ሐኪም ቤትም ቢሆን እወስደዋለሁ» አለ።

ይህን ሲል በጥፊ ያላልኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ገብቼ እናገራለሁ» አልኩት። «የማን ሠርግ እንደሆነ፣ የማን አባት እንደሆኑ እናገራለሁ። ወንዙ እዚሁ ነው፤ አባቴም እዚሁ ናቸው፤ ማንም ሄዶ ይጠይቃቸው።»

እግሬ ላይ ወደቀ። ጫማዬን ይዞ፣ «በክርስትና ልጄ ይዤሻለሁ! ባነሣሁት በበረከት ይዤሻለሁ፤ ዛሬ በሰው ፊት አታዋርጂኝ!» አለ።

ያገሬ ሰው ምን እንዳደረገኝ ይገባዋል። በእኛ ዘንድ በስም የተያዘ ሰው ታስሯል። የተያዘበትን ስም ረግጦ ካለፈ፣ የሚደርሰው ነገር ስሙ በተጠራው ሰው ላይ ነው ይባላል። የተማርሽ አይደለሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነኝ፤ ዲግሪ አለኝ። ግን ልጄ ትንፋሽ የሚያጥረው እናት ነኝ። ያን ጊዜ ዐይኔ ላይ የመጣብኝ ዲግሪዬ አይደለም፤ በረከት አፉን ከፍቶ አየር ሲያጣ ነው። አንተነህም ይህንን ያውቃል። ከስም ሁሉ መርጦ ያን ስም የጠራው ስለሚያውቅ ነው።

«ልቀቀኝ» አልኩት። ለቀቀኝ።

ስሜ ተጠራ። ገባሁ። ሠርጌን እንዳልደግም ሌባዋ እኔ ልሆን ነው። ስለዚህ ቴክ ብዬ ጻፍኩ። አላዘጋጀሁትም፤ ትርጉሙን አንድ፣ ሁለት እያልኩ ሰሌዳው ላይ ደረደርኩ፤ የምጠላውን ዓይነት ትምህርት አስተማርኩ። ቅድም ሙሽራ የሆነችው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኛም እንደ ቅድሙ እንጫወተው?» አለችኝ።

«ለዛሬ አይሆንም» አልኳት። ፈርታ ነው ብለው ሳያስቡ አይቀሩም።

ስጨርስ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረው። «እኅቴ፣ ዕውቀቱ አለሽ፤ ሕይወት ግን የለውም። ከመምህር አንተነህ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አይደላችሁ? እሱን ተጠግተሽ ብትማሪ መልካም ነው» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

አንተነህ አሸነፈ። ሰው ሲያቅፈው ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። የአርብ ገበያው መምህር ዱላቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ።

«ልጄ፣ ያ ሠርግ የማን ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የሱ ነው።»

«እሱ ሲያወራ አይቼሻለሁ። የእሱ እንባ ዐይኑ ላይ ነበር፤ ያንቺ ግን አገጭሽ ደርሷል።»

«የሱ ነው አባቴ» አልኩ ደግሜ። ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው። አባቴን በገዛ አፌ ሰጠሁት።

ስመለስ መኪናው በአባቴ ደጅ ሥር ሲያልፍ ነጠላዬን ተከናነብኩ።

አንተነህ ብዙ ሳይቆይ ደብረ ታቦር ገባ። ለባለቤቴ በስልክ ስነግረው፣ «አበልጅ ነው፤ ምን እናደርጋለን፤ ተይው» አለኝ። በረከት ያለው እዚያው ነው፤ እኔም ያለሁት እዚሁ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሥልጠና ላይ «አዲስ የማስተማር ዘዴ» ተብሎ የገዛ ሠርጌን አስተማሩኝ። ከነበቅሎዋ፣ ከነአባቴ። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

ለፋሲካ አንተነህ ሽማግሌ ላከ። የንስሐ አባቴ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥተው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ሰውዬው ተጸጽቷል። ሥራውን ፈልገሽ ከሆነ አንዴ ሆኗል። ምን ቢመልስልሽ ትታረቂያለሽ?» አሉኝ።

«አባቴን» አልኳቸው። «ሌላ ምንም አልፈልግም። በዚያው ሰው ፊት ቆሞ፣ አባቱ እንዳልሆኑ ይናገር።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ይህማ ቀላል ነው» ብለው ሄዱ። ቀላል አልሆነም። የተመለሰው መልስ፣ «ከዚህ በቀር የፈለገችውን ትጠይቀኝ» የሚል ነበር። እኔም አልታረቅኩም። ዕድሜዬን በሙሉ ሽማግሌ መልሼ አላውቅም፤ ያን ቀን መለስኩ። በከተማው ጨካኝ የሚሉኝ አሉ፤ አበልጇን የካደች የሚሉኝም አሉ። ማን እንደካደ መንገር አልችልም ነበር፤ ተይዣለኋ።

ታዲያ ዛሬ ለምን ጻፍሽው ትሉኝ ይሆናል። አንባቢዎቼ፣ የያዘኝ ለዚያች ቀን ነው፤ «ዛሬ አታዋርጂኝ» ነበር ያለው። ዛሬ አለፈ። ደግሞም አንድ ነገር ገብቶኛል። የምትወዱትን ሰው ስም ጠርቶ አፋችሁን የሚዘጋ ሰው፣ ያንን የምትወዱትን ሰው አይወደውም። ቢወደው ኖሮ ስሙን ለዚያ ሥራ አያውለውም ነበር። አሁን በበረከት ስም ሊይዘኝ የሚመጣ ካለ፣ «ልጄን ተውልኝና የራስህን ስም ጥራ» ነው የምለው። ይቺን መልስ ያን ጊዜ ባገኛት ኖሮ እላለሁ፤ ግን አላገኘኋትም።

በያዝነው ዓመት መንገዱ ሲከፈት በረከትን ይዤ ስማዳ ሄድኩ። አባቴ ደክመዋል። ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፀጉሩን ሲደባብሱ ቆዩና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ያ አበልጅሽ ደኅና ነው? ደብረ ታቦር ገባ አሉ። እዚያ ለዚህ ልጅ አለሁለት ይላል?»

አቃጠለኝ። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁት፤ በእንግዳቸው የተደሰቱበት ያ ቀን አሁንም ፊታቸው ላይ ነበር። እውነቱን ከነገርኳቸው ያን ቀን ደግሞ ልወስድባቸው ነው።

«ደኅና ነው አባዬ» አልኩ።

«ተመስገን። ደግ ሰው ነው፤ ያን ለት ነገሬን ከልቡ ነው የሰማኝ። ሰላም በይልኝ።»

«እሺ» አልኳቸው። ሰላምታቸውን እስከ ዛሬ አላደረስኩም።